የልጄ ቁርጭምጭሚት ሌሊት ሌሊት ያመዋል፣ ራጁ ግን ንጹህ ነው ተባልን

የናቲ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሐዋሳ ነኝ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ከክረምት ጀምሮ ግራ ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል። ቀን ኳስ ሲያባርር ይውላል፤ ሌሊት ግን እያለቀሰ ይቀሰቅሰኛል። አይቡፕሮፌን ስሰጠው ብዙም ሳይቆይ ይተኛል። አልወደቀም፣ ትኩሳትም የለውም። ራጅ ተነስቶ «የዕድገት ሕመም ነው» ብለው መለሱን። አማቴ ደግሞ «ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ይሸው» ብለው ይዘውኛል። ዕጢ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

የአጥንት ሬዚደንት፦
እህቴ፣ ልጁን ሳላየው ይሄ ነው አልልሽም። ግን ሌሊት ብሶ በአይቡፕሮፌን ጸጥ የሚል ሕመም ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ ነው። የአጥንት ዕጢ ነው፤ ካንሰር ግን አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይቀየርም። እምብርቱ፣ ማለትም መሃሉ ላይ ያለው የዕጢው ዋና ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ከ2 ሴንቲሜትር በታች ነው። ፕሮስታግላንዲን የሚባል ሕመም ቀስቃሽ ነገር በብዛት ያመርታል፤ አይቡፕሮፌን የሚያቆመው ደግሞ እሱኑ ነው።

የዕድገት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ነው። አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ጋ» ብሎ በጣቱ የሚያሳይ ልጅ ሲመጣ እኔ በዚያ ስም አልሸኘውም።

ራጁ ንጹህ መሆኑ አያስገርምም። ታለስ በሚባለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ ከሆነ በራጅ በቀላሉ ያመልጣል። ደህና አድርጎ የሚያሳየው አጥንቱን በቀጫጭን ቁራጭ እየከፋፈለ የሚያነሳ ሲቲ ስካን ነው። ኤምአርአይ ብቻ ከተነሳ በዙሪያው ያለው እብጠት ጎልቶ ኢንፌክሽን ሊያስመስለው ይችላል።

አይቡፕሮፌኑን በኪሎው ልክ፣ ምግብ ከበላ በኋላ ስጪው። አስፕሪን ግን እንዳትሰጪው፤ በልጆች ላይ ጉበትና አንጎል የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም ሊያመጣ ይችላል። ወጌሻውም ይቅር። ምን እንደሆነ ያልታወቀ አጥንት አይታሽም፤ ለእማማ በእኔ አሳብቢላቸው።

አባ ሶሊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህት ዓለም፣ አይዞሽ። የእኔዋም ልክ እንዲህ ነበረች። በሲቲ እያዩ መርፌ አስገብተው እምብርቱን በሙቀት አቃጠሉት፤ 90 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃ ነው ያሉኝ። በማደንዘዣ ተኝታ ነው የተሠራላት፣ በዚያው ቀን ቤት ገባን። የኢንሹራንሱን ጭቅጭቅ ባላነሳው ይሻላል።

ሰላም፦
የወንድሜ ልጅ ተረከዙ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ኪስት በአጋጣሚ ተገኝቶበት ነበር። ስለማያመው በየጊዜው ራጅ እየተነሳ ይታያል እንጂ አልነኩትም።

የአጥንት ሬዚደንት፦
አዎ፣ እሱ ሌላ ዓይነት ነው። ካላመመና ሊሰበር የሚችል ካልሆነ ክትትል ይበቃዋል። ማቃጠያው በሌለበት ደግሞ ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ በቀዶ ሕክምና ተፍቆ ይወጣል። የናቲ እናት፣ ሪፈር ካጻፍሽ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ኪዩር ሆስፒታሎች የልጆች አጥንት ሐኪሞች አሏቸው።

የናቲ እናት፦
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የራጁን ውጤት ወረቀት ብቻ ይዤ ልሂድ?

የአጥንት ሬዚደንት፦
ፊልሙንም ያዢ። ሌሊት በስንት ሰዓት እንደሚነሳና መድኃኒቱ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስታግሰው ጽፈሽ ሂጂ።