ቀጤ ነክ የማግኔት መቅረጫ ንጣፍ፦ ቅንጣቶቹ አልለያይ አሉኝ

በስፐተሪንግ (በቫኪዩም ውስጥ በአዮን ተመትተው የሚፈናቀሉ አተሞችን ዲስኩ ላይ በመጣል) ቀጤ ነክ የመቅረጫ ንጣፍ፣ ማለትም ማግኔትነቱ ለገጹ ቀጥ ብሎ የሚቆም የሃርድ ዲስክ ንጣፍ፣ የሠራችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። የንጣፉ ጥቃቅን የማግኔት ቅንጣቶች በመካከላቸው በሚገባው ኦክሳይድ መለያየት ነበረባቸው። በመስታወት ዲስክ ላይ ያለው አደራደር ከታች ወደ ላይ ይህ ነው፦ 6 ናኖሜትር ኒኬል-ተንግስተን፣ 16 ናኖሜትር ሩተኒየም፣ 14 ናኖሜትር ኮባልት-ክሮሚየም-ፕላቲነም ከ8 ሞል በመቶ ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ (ኦክሳይዱ) ጋር፣ ይህም መቅረጫው ነው፣ በመጨረሻ 4 ናኖሜትር ካርቦን። ከሥር የሚደረገው ለስላሳ ማግኔታዊ ንጣፍ ለጊዜው ሆን ተብሎ ቀርቷል፤ በማግኔቶሜትር ሲለካ ሲግናሉ የመቅረጫውን ይውጠዋል።

የክሪስታሉ አቅጣጫ ደህና ነው፤ የኤክስሬይ ሮኪንግ ከርቩ (የክሪስታሎቹ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተበታተነ የሚያሳየው ኩርባ) ስፋት 3.2 ዲግሪ ነው። ችግሩ መቀልበሻ መስኩ (ኮኧርሲቪቲ) 2.6 ኪሎ ኧርስቴድ ብቻ መሆኑና የሂስተሪሲስ ቀለበቱ (መስኩ ሲቀያየር የማግኔትነቱን ለውጥ የሚያሳየው ግራፍ) እዚያ ነጥብ ላይ ቁልቁል መውረዱ ነው። የቀለበቱ ተዳፋት በሲጂኤስ አሃድ በ4π ተባዝቶ 3 አካባቢ ነው፤ ቅንጣቶቹ በደንብ ቢለያዩ ወደ 1 ይጠጋ ነበር። ጎረቤታሞቹ ገና ተያይዘው አብረው ይገለበጣሉ ማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ የቢቱ ድንበር ስለሚሻክር ከፍተኛ ጥግግት አይታሰብም።

ኦክሳይዱን ወደ 12 ሞል በመቶ ማሳደግ ተዳፋቱን አለዘበው፣ መቀልበሻ መስኩን ግን ይባስ አወረደው። ትርፉ ኦክሳይድ ቅንጣቶቹን እየቆራረጠ በሙቀት የማይረጉ ያደረጋቸው ይመስለኛል።

አሁን ሩተኒየሙ በሙሉ የሚጣለው በ0.7 ፓስካል አርጎን ነው። የታችኛውን 8 ናኖሜትር ለአቅጣጫው ስል እንዳለ ትቼ የላይኛውን በ6 ፓስካል ብጥለው፣ ገጹ ጉብታ በጉብታ ሆኖ ኦክሳይዱ በጉብታዎቹ መካከል ይሰበሰባል ብዬ አስባለሁ። ይህን ላስቀድም ወይስ መቅረጫው ሲጣል አርጎኑ ላይ 1 በመቶ ያህል ኦክስጅን ልጨምር? ኦክስጅኑ ሲበዛ ኮባልቱን ራሱን ስለሚያበላሽ፣ ገደቡን ከቀለበቱ ቅርጽ በምን ትለዩታላችሁ? ንጣፎቹ ሲጣሉ ዲስኩን አላሞቀውም።