ከአንድ የሰው አስከሬን ስንት ሊትር ነዳጅ ይወጣል?

ባለ ሚኒባሱ (ጠያቂ)
ከአዲስ አበባ አዳማ በሚመላለስ ሚኒባስ የምተዳደር ሾፌር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ናፍጣ ለመቅዳት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከኋላዬ የነበረ አንድ ባልደረባዬ «እዚሁ ብንሞት እኛኑ ጨምቀው መኪናውን ለቤተሰብ ያደርሱት ነበር» ብሎ ቀለደና ሁላችንም ሳቅን። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል ግን ነገሩ ከቀልድነት አልፎ ያብሰለስለኝ ጀመር። ለመሆኑ ከአንድ ጎልማሳ ሰው ገላ ስንት ሊትር ይወጣል? ከዚህ በፊት የሞከረው ሰው አለ? አስከሬን ሲያልፍ ቆሞና ኮፍያ አውልቆ የሚያሳልፍ ቤተሰብ ያሳደገኝ ሰው ነኝና፣ ጥያቄዬን የድፍረት አታድርጉብኝ።

ስሌት ወዳድ
ወንድሜ፣ ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ያሳዝንዎታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። ከዚህ ውስጥ 42 ኪሎው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ገና ከጅምሩ የገዛነው ነዳጅ ከግማሽ በላይ ውሃ የተቀላቀለበት ነው ማለት ነው፤ ይህን ያደረገ ማደያ ቢኖር ይታሸግ ነበር። ከቀረው 10 ኪሎ ያህሉን ስብ፣ 11 ኪሎ ያህሉን ደግሞ ፕሮቲን ብንለው፣ አንድ ኪሎ ስብ ሲቃጠል 39 ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው)፣ አንድ ኪሎ ፕሮቲን 24 ሜጋጁል ገደማ ስለሚሰጥ ድምሩ ወደ 650 ይደርሳል። ከዚህ ላይ ያን ሁሉ ውሃ ለማትነን የሚባክነውን 110 ገደማ ስንቀንስ በእጃችን የሚቀረው 540 ሜጋጁል ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋጁል ያህል ስለሚይዝ፣ ሰው ማለት በአጭሩ 15 ሊትር ናፍጣ ነው።

ይህም ቢሆን በምድጃ ለሚነድ ነው። ፕሮቲን ወደ ሞተር አይገባም፤ ለሞተር የሚሆነው ስቡ ብቻ ሲሆን እሱም ከሜታኖልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ተዋህዶ ግሊሰሪኑ ከተለየ በኋላ 11 ሊትር ያህል ባዮዲዝል ይወጣዋል። ሚኒባስዎ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ይበላል ብንል፣ አንድ ሟች ከአዲስ አበባ አዳማ ያደርስዎታል፤ ለመመለሻው ሌላ ሟች ያስፈልጋል። ሟቹ ሁዳዴን በሚገባ የጾመ ከሆነ ደግሞ ሞጆ ላይ እንዳይቆሙ እሰጋለሁ።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን የትርፍና ኪሳራው ጉዳይ ነው። አንድ ሰው በቀን 2,500 ካሎሪ፣ ማለትም ከ10 ሜጋጁል ትንሽ የሚበልጥ ይመገባል። ስለዚህ ስድሳ ዓመት ሙሉ ቀልበነው በመጨረሻ የሚመልስልን የ51 ቀን ምግቡን ብቻ ነው፤ ሁዳዴ እንኳ 55 ቀን ነው።

የድሮ መጽሐፍ አንባቢ
«የሞከረው ሰው አለ?» ለሚለው፣ በወሬ ደረጃ ከሆነ በጣም የታወቀው የግብፁ ነው። አሜሪካዊው ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1869 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የግብፅ ባቡር በከሰል ፋንታ የሦስት ሺህ ዓመት ሙሚ (እንዳይበሰብስ ደርቆ የተቀመጠ አስከሬን) እንደሚማገድበት፣ ተራው ሰው አልነድ ሲል ደግሞ ነጂው ንጉሥ እንዲያቀብሉት እንደሚጠይቅ ጽፏል። ቀልድ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሰው እስከ ዛሬ እንደ ታሪክ ያወራዋል። እውነቱ ከቀልዱ ብዙም አይርቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1890 ከግብፅ ወደ ሊቨርፑል የተጫኑ 19 ቶን ያህል የድመት ሙሚዎች ተፈጭተው ለእንግሊዝ ማሳ ማዳበሪያ ሆነዋል።

በሕያዋን ስብ የተሞከረም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ አንድ ሐኪም ከታካሚዎቹ የመጠጠውን ስብ ወደ ባዮዲዝል ቀይሮ መኪናውን እንደሚነዳበት በአደባባይ ተናግሮ ነበር፤ የሕክምና ተረፈ ምርትን ለዚህ ማዋል በዚያ ግዛት ሕግ የተከለከለ ስለነበር ደስታው አልረዘመም። ኒውዚላንዳዊው ፒት ቤቱን ደግሞ ኧርዝሬስ በተባለች ባዮዲዝል በምትጠጣ ጀልባው በዚያው ዓመት ዓለምን በ61 ቀን ገደማ ሲዞር፣ አስቀድሞ ከራሱ ገላ ስብ አስመጥጦ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ነዳጅ አዋጥቷል። ሰውዬው ቀጭን በመሆኑ ከዚያ በላይ አልተገኘበትም።

በይፋ የሚሠራው ግን በእንግሊዟ ሬዲች ከተማ ነው። የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ከአስከሬን ማቃጠያው የሚወጣው ሙቀት አጠገቡ ያለውን የመዋኛ ገንዳ እንዲያሞቅ ወሰነ። ምክንያቱን ስታውቁት የበለጠ ትገረማላችሁ። ሟቾች ለጥርሳቸው ካስሞሉት አማልጋም የሚተነው ሜርኩሪ ወደ አየር እንዳይወጣ ጭሱ መጣራት አለበት፤ ማጣሪያው ደግሞ የ800 ዲግሪ ጭስ ስለማይችል አስቀድሞ መቀዝቀዝ ግድ ነው። ጭሱን ለማቀዝቀዝ የወጣው ሙቀት ከሚባክን ገንዳውን ያሙቅ ተባለ። ስለዚህ ዋናተኞቹ የሚሞቁት በሟቾች ጥርስ ሰበብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሙቀቱም ቢሆን አብዛኛው ምድጃውን ከሚያግለው ጋዝ እንጂ ከሟቹ የመጣ አይደለም።

እናት ዓለም
ልጆቼ፣ «አፈር ነህና ወደ አፈር ትመለሳለህ» ተባለ እንጂ ወደ ታንከር ትመለሳለህ አልተባለም። ቀልዳችሁን አልከለክልም፤ ነገር ግን ሬሳውን ተዉትና ሕያዋኑን ተመልከቱ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንደ አንድ የድሮ አምፖል 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። በስቶክሆልም ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ የመንገደኞቹን ሙቀት ከጣቢያው አየር ላይ ወስደው ውሃ ያሞቁበትና ያን ውሃ በቧንቧ ልከው የጎረቤት ሕንጻ ያሞቁበታል። ሾፌራችንም ትርፍ ጭኖ 16 ሰው ያሳፈረ ዕለት ከኋላው የግማሽ ምጣድ ሙቀት ይዞ እየነዳ ነው። መስኮት ክፈት ሲሉት እንቢ የሚለው ለዚህ ይሆን?

ከቨርጂኒያ
የስሌት ወዳድን 15 ሊትር ተቀብዬ እኛ አገር ርቀን የምንኖረውን ልጨምርበት። እዚህ የሚያርፍ የአገራችን ሰው ብዙ ጊዜ «አፈሬን በአገሬ» ብሎ ይናዘዛል፤ እድራችንም የሚያዋጣው በዋናነት ለዚሁ ነው። እኔ ራሴ አጎቴን የሸኘሁት በዚህ መንገድ ነው። አውሮፕላን ለአንድ ተሳፋሪ በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ገደማ ያቃጥላል እንበል፤ አስከሬን ከነሳጥኑ ከአንድ ተሳፋሪና ከሻንጣው አያንስም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 345 ሊትር ይሆናል። አጎቴ በሕይወት ሳሉ መብራት አጥፉ፣ ነዳጅ ቆጥቡ እያሉ ሲቆጡን የኖሩ ሰው ነበሩ፤ 15 ሊትር ይዘው 345 ሊትር አስቃጥለው ተቀበሩ። በሕንድ በእንጨት የሚቃጠል አስከሬንም 400 ኪሎና ከዚያ በላይ ማገዶ ይፈጃል ይባላል፤ ስለዚህ በአየርም በምድርም ሟች ነዳጅ የሚፈጅ እንጂ ነዳጅ የሚሰጥ አልሆነም። የአርባውን ተዝካር ማገዶ ገና አልቆጠርኩም።

ባለ ሚኒባሱ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እናት ዓለም፣ መስኮቱን እከፍታለሁ። ናፍጣውን በሦስተኛው ቀን አግኝቼ ሥራ ጀምሬያለሁ። ችግሩ ይህን ስሌት ካነበብኩ ወዲህ ነው፤ ረዳቴ መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ «አዳማ፣ አዳማ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ በጮኸ ቁጥር ሳቄ ያመልጠኛል፤ ተሳፋሪዎቹም ይህ ሾፌር ጤና የለውም እንዴ እያሉ እርስ በርስ ይተያያሉ።