የቤት እጦቱ የካፒታሊዝም ጥፋት ነው?

የአባዶው ተከራይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ተከራይቼ ስኖር አራተኛ ዓመቴ ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ መዋለ ሕፃናት ታስተምራለች። የሁለታችን ደሞዝ ተደምሮ ከግማሽ በላዩ ለኪራይ ይሄዳል። በ2005 በመንግሥት የ20/80 ኮንዶሚኒየም (20 በመቶውን ቆጥበህ 80 በመቶውን በባንክ ብድር የምትከፍልበት) ተመዝግቤ እየቆጠብኩ ነው፤ ዕጣው አልወጣልኝም። አከራያችን ይህንን ቤት ያገኙት በዕጣ ነው፤ አንድም ቀን ግን አልኖሩበትም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይሄ ሁሉ የካፒታሊዝም ውጤት ነው» ይለኛል። መሬቱ የመንግሥት ሆኖ እንዴት እንደዚያ ይሆናል? የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ልጄ፣ ያደግኩት ቀበሌ ቤት ነው። አዋጅ 47/1967 ወጥቶ ትርፍ ቤት ሲወረስ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ኪራይ ሲቀነስላት እናቴ እልል ያለችው ዛሬም ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ ግን ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግን ጠፋ። ቀበሌው በዚያች ኪራይ ምን ያድስ? እኛም «የራሳችን አይደለም» ብለን ተውነው። ስምንት አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ነበርን። ለማከራየት ቤት መሥራት ስለተከለከለ የሚሠራም አልነበረም። እኛ ሰባት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ አደግን። ያኔ ከበርቴ የሚባል አልቀረም፤ ቤትም አልበዛም።

ፎርማኑ፦
እማማ፣ ያሉት እውነት ነው። እኔ ግን ስምንት ዓመት ሪል እስቴት ሳይት ላይ ሠርቻለሁ። ቦሌ አካባቢ ያስረከብነውን ሕንፃ ማታ ሳየው መብራት ያለው ሦስት አራት መስኮት ነው። ገዢው የሚገዛው ሊኖርበት አይደለም። ባንክ ያስቀመጠውን ብር የዋጋ ንረት ስለሚበላበት ኮንክሪት ውስጥ ይቀብረዋል። የሠራነው እኛ የቀን ሠራተኞችና ግንበኞች ግን የጭቃ ቤት ነው የምንከራየው። ይሄ የካፒታል ሥራ ካልሆነ ምን እንበለው?

ሰሚት 72፦
ወንድሜ፣ ለጊዜው ራስህን ጠብቅ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም። ወረዳ ሄደህ አስመዝግብ።

የአባዶው ተከራይ፦
አመሰግናለሁ። እማማን ሳነብ እናቴን አስታወሱኝ። እኔ የገባኝ ይሄ ነው፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ቦታው ለግለሰብ የሚወጣው ግን በአብዛኛው በሊዝ ጨረታ ነው። ጨረታ የሚያሸንፈው ብር ያለው ነው፤ በዚያ ዋጋ ገዝቶ ለእኔ ዓይነቱ የሚሠራ የለም። ባልደረባዬ ግማሹን ብቻ ነው ያየው። አቅርቦቱን የያዘው መንግሥት ነው፤ ዋጋውን የሚሰቅለው ገበያው። እኔና ባለቤቴ መካከል ላይ ቀርተናል።

ውሉን ላስመዝግብ ስል አከራያችን «ካስመዘገብክ ቤቱን ራሴ እፈልገዋለሁ» አሉኝ። እንዲህ የገጠመው ሰው ምን አደረገ?