በ8 ወር ውስጥ አንድም ቤት ያላስገዛች ኤጀንት ትቀጥል ወይስ ትተወው?

ጠያቂ (ከስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለ9 ዓመታት በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ስሠራ ቆይቼ፣ በሌሊት ፈረቃ እረፍቴ ላይ እያጠናሁ ግዛቱ የሚጠይቀውን የ60 ሰዓት ትምህርት ጨረስኩ፤ ፈተናውን በሁለተኛው ሙከራ አልፌ የቤት ሽያጭ ኤጀንትነት ላይሰንሴን ካወጣሁም 8 ወር ሆነኝ። እስካሁን አንድም ቤት አልሸጥኩም፣ አላስገዛሁምም።

ይህ ብቻ ቢሆን በታገሥኩት ነበር፤ የከበደኝ የሰው ቃል ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል «ነርስ ትሆኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ደላላ ሆንሽ?» ትለኛለች። እርሷ የምታውቀው ደላላ በባለቤቱ ዋጋ ላይ ጨምሮ ልዩነቱን የሚወስደውን ስለሆነ ልፈርድባት አልችልም። የማኅበራችን ሰዎች ደግሞ «የቤት ብድር ወለዱ እንዲህ ተሰቅሎ ማን ይገዛል? ኤጀንቱ ከገዢው በዝቷል» ይሉኛል። ከሁሉ ያመመኝ ግን ያለፈው ወር ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ በማላውቀው ሰው በኩል ታውን ሃውስ (ከጎረቤት ጋር በግድግዳ የተያያዘ ቤት) መግዛቷን የሰማሁት ለቤቱ ምርቃት ስጠራ ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ» ብያት ቡናውን እኔው አፈላሁ፤ ጀበናውን አስቀምጬ ስኒ እየደረደርኩ ግን እንባዬ መጣብኝ። ያለኝ ቁጠባ ለ5 ወር ያህል ይበቃኛል። በሥራው ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

መልስ 1 (11 ዓመት በሥራው ላይ)፦

እህቴ፣ እኔ የመጀመሪያውን ቤት ያስገዛሁት በ10ኛው ወር ላይ ነው። የአክስትሽን ልጅ ነገር ላስቀድም፤ በእኔም ላይ ደርሶ ለረጅም ጊዜ ስቆዝምበት ኖሬአለሁና። ቤት የሚገዛ ሰው ስንት እንደሚያገኝ፣ ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ ለዳውን ፔይመንት (ለቅድሚያ ክፍያው) የሚሆነውን ገንዘብ ከየት እንዳመጣ ኤጀንቱ ባይጠይቀው እንኳ ሥራው ሲካሄድ አብዛኛውን ማየቱ አይቀርም። ይህን ሁሉ በሠርግና በለቅሶ ለሚገናኙት ዘመድ መግለጥ ለእኛ ሰው ይከብዳል። አንቺ ትሳሳቻለሽ ብላ ላይሆን ይችላል፤ ጓዳዋን እንዳታዪባት ፈርታ ይሆናል። እኔ ዘመድን መጎትጎት ትቼ ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ ጀመርኩ፤ ዘመዶቼ ወደ እኔ የመጡት በ4ኛው ዓመት ነው።

«ደላላ» የሚለውን ስም በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርሽ። በዉድብሪጅ አንድ ታክሲ ነጂ ታውን ሃውስ ወደደና ዋጋውን አቅርበን ሻጩ ተቀበለን። የግቢውን ደንብ የሚያወጣው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰነድ ሲመጣ ማታ ተቀምጬ ገጽ በገጽ ሳነብ፣ የንግድ ተሽከርካሪ ሌሊት በግቢው ማሳደር የሚከለክል አንቀጽ አገኘሁ። በቨርጂኒያ ገዢው ይህን ሰነድ ከተቀበለ በኋላ፣ ውሉ ረዘም ያለ ጊዜ ካልሰጠው በቀር፣ በ3 ቀናት ውስጥ ያለ ቅጣት ውሉን ማፍረስ ይችላል። በነጋታው ጠዋት ደውዬ አንቀጹን በአማርኛ አነበብኩለት፤ ውሉን አፈረሰ፣ የእኔም ኮሚሽን አብሮ ቀረ። በዚያን ጊዜ የቤት ኪራዬን ከእቁብ ተበድሬ ነበር የከፈልኩት፤ ቢሆንም ዝም ብለው ኖሮ ዛሬ ዓይኑን ማየት አልችልም ነበር። ከዓመት በኋላ ሌላ ቤት በእኔ በኩል ገዛ።

ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ገዢውን ቤት ከማስጎብኘትሽ በፊት ክፍያሽን የሚገልጽ የጽሑፍ ስምምነት ማስፈረም ግድ ሆኗል። ብዙ ሰው ወረቀቱን ሲያይ ይሸሻል። አንቺ እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ ማስረዳት ከለመድሽ፣ «ሻጩ ይከፍለዋል፣ አያሳስባችሁ» ብሎ ማለፍ የለመደው ነባር ኤጀንት አይበልጥሽም። አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር፦ «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር አሳዪኝ» ሲሉሽ እሺ እንዳትዪ። የ1968ቱ ፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕግ በዘር ወይም በትውልድ አገር ተመርቶ ሰፈር መጠቆምን ይከለክላል፤ ሰፈሩን እነርሱ ይምረጡ፣ አንቺ በዋጋውና በቤቱ ላይ አተኩሪ።

መልስ 2 (ከሥራው የወጣ)፦

እኔ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሰው ሆኜ እንዳልታይዎት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በ2021 የ30 ዓመት የቤት ብድር አማካይ ወለድ ከ3 በመቶ በታች ነበር፤ በኦክቶበር 2023 ወደ 8 በመቶ ሲጠጋ እኔ ወጣሁ። የማኅበርዎ ሰዎች ስለ ወለዱ የተናገሩት እውነት አለው፤ ገዢው መፍራቱ ብቻ ሳይሆን፣ በ3 በመቶ የተበደረውም ባለቤት ያንን ብድር ትቶ በውድ ላለመበደር ሲል ቤቱን ለገበያ አያወጣም። ይሁን እንጂ እኔን ያስወጣኝ ወለዱ ሳይሆን መጠባበቂያ ገንዘብ አለመያዜ ነው። ደመወዝ የለም፣ የጤና መድን የለም፤ ከሚያገኙት ላይ ብሮከሩ (ኤጀንቱ በሥሩ የሚሠራለት ኃላፊ) ድርሻውን ይወስዳል፣ ከዚያም ከተጣራው ገቢዎ ላይ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 በመቶ ያህል ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው ግብር አለ። ውል ከተፈረመ በኋላም እስከ ክሎዚንግ (ቤቱ ለገዢው እስከሚተላለፍበት ቀን) ከ30 እስከ 45 ቀናት መጠበቅ የተለመደ ነው። የ5 ወር ቁጠባዎ እንግዲህ በተግባር የ3 ወር ተኩል ነው ማለት ነው። በሳምንት ሁለት የሌሊት ፈረቃ ቢይዙ ቁጠባው ይረዝማል፣ ቀኑም ነጻ ይሆንልዎታል። ብሮከርዎ ከጎንዎ ተቀምጦ ውል የሚያሳይዎት ካልሆነ፣ የድርሻው መጠን ቢቀንስብዎትም የሚያስተምር ቢፈልጉ ይሻላል።

መልስ 3 (ቤት የገዛች)፦

እኔን ቤት ያስገዛችኝ ልጅ ላይሰንስ ካወጣች ገና 5 ወሯ ነበር። የመረጥኳት በአንድ ነገር ነው። ሌላው ኤጀንት የወጥ ቤቱን ድንጋይ ሲያወድስልኝ፣ እርሷ ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ አብርታ እጇን ከላዩ አስጠጋችና «ይህ አየሩን መልሶ ወደ ቤት ነው የሚተፋው፤ ሽንኩርትና በርበሬ ሲቁላላ ሽታው መኝታ ቤት ይገባል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ቤት እንደሸጠች መጠየቁ ትዝም አላለኝ።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ለቀድሞ አለቃዬ ደውዬ የዓርብና የቅዳሜን ሌሊት ፈረቃ ጠየቅሁ፤ ሰጡኝ። ብሮከሬንም የስምምነቱን ቅጽ መስመር በመስመር እንዲያስረዱኝ ለምኛቸው ሐሙስ ቀጥረውኛል፤ እስከዚያ ድረስ በአማርኛ ለማስረዳት እየተለማመድኩ ነው። እናቴ ስትደውል ደግሞ የታክሲ ነጂውን ታሪክ እነግራታለሁ።