«ዲግሪህን ጨርሰህ ሂድ» ማለት ጥሪን ማሰናከል ነው?

የዲያቆን እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ቤት ያለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላንሳው። ወንድሜ አራተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፤ የቀረው አንድ ዓመት ነው። ከልጅነቱ ዲያቆን ነው። ከፍልሰታ ጾም ወዲህ «እግዚአብሔር ጠርቶኛል፣ ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ፎርም) ሞልቼ ገዳም እገባለሁ» ይላል። የመረጠው ጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ያለውን ዳጋ እስጢፋኖስን ነው። ዳጋ ደግሞ ሴት አይገባም። አባታችን አርፏል፤ ቤት ውስጥ ያለነው እናቴና እኔ ነን። ከዚህ ቤት ሄዶ የሚጠይቀው ሰው አይኖርም ማለት ነው። «ጨርስና ሂድ» አልኩት። «ለእግዚአብሔር ጥሪ ቀጠሮ አትስጪ» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ተማሪ ትምህርቱን እንዲጨርስ መወትወት ጥሪ ማሰናከል ነው? እውነቱን ንገሩኝ።

ፖሊ ግቢ፦
እህቴ፣ አዎ ነው። ጴጥሮስና እንድርያስ ዓሣው እስኪያልቅ ጠብቀው አይደለም መረባቸውን የተዉት። ማቴዎስ 4 «ወዲያው» ነው የሚለው። ሉቃስ 9 ላይም ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚመለከት ሰው ጌታ የተናገረውን ታውቂዋለሽ። አንድ የግቢ ጉባኤ ጓደኛችን «ስመረቅ እገባለሁ» ብሎ አቆየው። ከምረቃ በኋላ ሥራ መጣ። ከሥራ በኋላ የቤት ኪራይ፣ ከዚያ እቁብ። ዛሬ ስለ ገዳም ስናነሳበት አንገቱን ይደፋል። ወንድምሽ እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም።

ቅኔ ቤት ያደግሁ፦
እኔ 12 ዓመቴ ላይ ነው ከቤት ጠፍቼ ቅኔ ቤት የገባሁት። ጎጃም ውስጥ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሊቅ ከቤቱ የጠፋ ልጅ ነበር። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ በየደጁ ስዞር ውሻ የነከሰኝ ጠባሳ እስካሁን ባቴ ላይ አለ። ለአንድ ቁራሽ እንጀራ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያ ቅኔዬን፣ ጉባኤ ቃናዋን፣ የቆጠርኩባትን ሌሊት በምንም አልለውጣትም። ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። የኔታ ሰምተው ዝም አሉ። ቀጥለው «ድገማት» አሉኝ። በደስታ ጉሮሮዬ ተዘጋ።

ስለዚህ ጥሪ የለም አልልም። ግን ከዓመታት በኋላ ስመለስ ጎረቤት የነገረኝን ስሙ። እናቴ ወንዝ ለወንዝ ሬሳዬን ስትፈልግ ከርማለች። እሷ ራሷ አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም።

የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ የኤልሳዕን ነገር እወደዋለሁ። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ነው። አሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ሲያርስ ኤልያስ መጐናጸፊያውን ጣለበት። «አባቴንና እናቴን ልሳም» አለ። ተመልሶ በሬዎቹን አረደ፣ በእርሻው ዕቃ እንጨት ሥጋውን ቀቀለ፣ ሰዉን አበላ፣ ተነሥቶ ሄደ። የሚያርስበትን በሬ ማረድ ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መመለሻውን ነው ያቃጠለው። ወላጆቹን ግን ስሟል። ጠፍቶ አልሄደም። እኔ ያጠፋሁት እሱን ነው።

ፖሊ ግቢ፦
ጋሼ፣ ታሪክዎ ልቤን ነክቶታል። ግን ኤልሳዕ እርሻውን እስኪያጭድ አልቆየም እኮ!

እናት ነኝ፦
ዲግሪ ዲግሪ አትበሉብኝ። እኔ የምጠይቀው የእናቲቱን ነው። ማን ይጦራታል? ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ፣ በዚያ ሁሉ ሥቃይ ውስጥ፣ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጥቷል። አባ እንጦንስም ያለውን ሸጦ ከመመነኑ በፊት ታናሽ እህቱን ለታመኑ ደናግል አስረክቧል። ይሄ ልጅ እናቱን ለማን ሰጠ? ለአንቺ ከሆነ ጠይቆሻል ወይ?

የወንጌላዊ ልጅ፦
እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ ከፈቀዳችሁልኝ አንድ ነገር ልበል። በእኛም ቤት ይሄው ክርክር አለ። አባቴ ደመወዙን ትቶ የሙሉ ጊዜ አገልጋይ ሲሆን እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ጥሪውን ዛሬም አልጠራጠርም። ግን ከማንም ጋር ሳይመክር ነው የወሰነው። ጾማችንን ያደርንባቸው ቀናት ነበሩ። የሐዋርያት ሥራ 13 ላይ ጳውሎስና በርናባስ የተላኩት አንጾኪያ ያለው ጉባኤ ጾሞ፣ ጸልዮ፣ እጁን ጭኖባቸው ነው። ጳውሎስ ደግሞ ድንኳን እየሰፋ ነው የሰበከው።

የዘጌ ሰው፦
የሁላችሁንም አነበብኩ። አንድ ነገር ማንም አልጠየቀም። የነፍስ አባቱ ምን አሉ?

እኛ አገር በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን በሬ አይጠመድም፤ የምንኖረው በቡና ነው። ልጅ ሆኜ ከገዳማውያኑ አጠገብ ነው ያደግሁት። አባቶች የመጣውን ሁሉ ዕለቱን አያመነኩሱም። አመክሮ የሚባል የሙከራ ጊዜ አለ። ረድእ ሆኖ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሸከማል፣ «ና» ሲሉት ይመጣል፣ «ሂድ» ሲሉት ይሄዳል። ተማርሮ የመጣውና ተጠርቶ የመጣው እዚያ ላይ ይለያል። ፈተና ወድቆ የሚመጣ አለ። እጮኛው ጥላው የሚመጣም አለ። እነዚህን ማንም አይንቃቸውም፤ ግን ቶሎ ቆብ አይደፉም።

ሳሙኤል እንኳ ሲጠራ ሦስት ጊዜ የዔሊ ድምፅ መስሎት ነው የሮጠው። የማን ድምፅ እንደሆነ ያስተዋለው ሽማግሌው ነው። የጠራው እግዚአብሔር ሆኖ ሳለ ልጁ ብቻውን አልለየውም።

የዲያቆን እህት፦
የዘጌ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ጠየቅሁት። «ለአባ አልነገርኳቸውም» አለ። «ለምን?» ስለው ብዙ ዝም ብሎ «ቆይ ካሉኝስ?» አለኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከአባታችን ቀብር ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

እኔም የራሴን ልናገር። እናት ነኝ ላሉት፣ አልጠየቀኝም። ግን እኔም ንጹሕ አይደለሁም። «ጨርስ» የምለው ለእሱ ብዬ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራዩን ብቻዬን መክፈል ደክሞኛል። ሲመረቅ ያግዘኛል ብዬ ቀን ስቆጥር ነበር። ይሄንንም ነገርኩት። አያውቅም ነበር። ነገ ቡና ላይ ለእናታችን ራሱ ሊነግራት፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ጋ አብረን ልንሄድ ተስማማን።

ፖሊ ግቢ፦
ይሄ ጥሩ ነው፤ ቅድም የቸኮልኩትን ይቅር በይኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ቆይ» ካሉት ይቆያል። «ሂድ» ካሉትስ ትለቂዋለሽ?

የዲያቆን እህት፦
ጥያቄህን ሳነብ ሥራ ቦታ ነበርኩ። ወጥቼ ሐይቁ ዳር ትንሽ ቆየሁ።

እለቀዋለሁ። እናቴን ይዤ ጀልባው ድረስ እሸኘዋለሁ።