ክርክር፦ ጎርፍ ግንድና ቆሻሻ ሲከምር ጥቁር ውሃ ድልድይ ለእግረኛም ይዘጋ?

አስተባባሪ፦ ክረምቱ እየገባ ነው። ጎርፍ ጠርጎ ያመጣው ግንድ፣ ፊላና ቆሻሻ ጥቁር ውሃ ድልድይ ሥር ቢከመር፣ ድልድዩ ለተሽከርካሪ ብቻ ይዘጋ ወይስ ለእግረኛም ጭምር? ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ የሚገባው ሰውና ጭነት የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ ሁላችንንም ይመለከታል። ስድብ አይፈቀድም።

የባጃጅ አሽከርካሪ፦ ለከባድ መኪና ይዘጋ፣ አልቃወምም። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሲያልፍ ድልድይ ይንቀጠቀጣል። እግረኛና ባጃጅ ግን ምን አጠፉ? የእኔ ባጃጅ ሰው ሞልቶባትም አንድ ቶን አትደርስም። ሥራ በቆመ ቀን ለባለንብረቱ የማስገባው ገቢ ከኪሴ ነው የሚወጣው። መዝጋት ለሹም ቀላል ነው፤ ዕዳው የሚወድቀው እኛ ላይ ነው።

ጡረተኛ የመንገድ ሥራ ባለሙያ፦ ልጄ፣ ስለ ገቢህ ያልከው እውነት ነው። ስለ ክብደቱ ግን አልስማማም። ጎርፍ ድልድይ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ሸርሽሮ ነው። አንድ ግንድ ከነሥሩ ተነቅሎ ይመጣና ምሰሶው ላይ ይጋደማል። ቅርንጫፉ ሣሩን ይይዛል፣ ሣሩ ማዳበሪያውንና ፌስታሉን። ውሃው መተላለፊያ ሲጠብበት ይፈጥናል፣ ወደ ታች ይጠልቃል፣ የምሰሶውን መሠረት አቅፎ የያዘውን አፈር ጠርጎ ይወስዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከላይ የቆመ ሰው ይህን አያይም፤ አስፋልቱ አንድ ስንጥቅ እንኳ ላይኖረው ይችላል። ጎርፉ ሲጎድል ደግሞ ጉድጓዱ በደለል ተመልሶ ሊሞላ ስለሚችል ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ የስኮሃሪ ድልድይ እንዲህ ከሥሩ ተሸርሽሮ ወድቆ 10 ሰዎች ሞተዋል። በ2001 ፖርቱጋል ውስጥ የዶውሮ ወንዝ ድልድይ ምሰሶ ተንዶ አውቶቡስና መኪኖች ወንዝ ገብተው 59 ሰዎች አልቀዋል። እነዚህ አገሮች መሐንዲስ አላጡም። ስለዚህ ለእግረኛም ይዘጋ፤ መሠረቱ ተለክቶ እስኪረጋገጥም አይከፈት።

የፋብሪካ ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ ያሉትን ተቀብያለሁ። እኔ ግን የቤት ኪራይ ስለሚቀል ማዶ ነው የተከራየሁት። ከማታ ሽፍት ስወጣ ድልድዩ ተዘግቶ ቢጠብቀኝ የት ልደር? ማደሪያ ያጣ ሰው ገመዱን አልፎ ይሻገራል፣ ካልሆነም በውሃው ውስጥ ይሞክራል። ጉልበት የማይደርስ ጎርፍ እንኳ ሰው ይጥላል። ዝጉ ካላችሁ አስቀድሞ በሬዲዮ ይነገር፣ ፋብሪካዎቹ ሠራተኛውን ቀን እያለ ይልቀቁ፣ ከተማ ውስጥ ለሚቀረው ሰው ማደሪያ አዳራሽ ይዘጋጅ። ይህ ሳይኖር መዝጋት እኛን ጎርፉ ላይ መጣል ነው።

ባለ ሱቅ፦ ቆሻሻውን የሚጥለው ማን ነው? ሱቄ በር ላይ ያለው ቦይ ሲጠረግ የወጣውን አይቻለሁ፦ የውሃ ፕላስቲክ፣ የጫት ገራባ፣ የሸንኮራ ልጣጭ፣ የሕፃን ዳይፐር። ይህን ከላይ ያለው ወንዶ ገነት አልላከልንም።

የወንዶ ገነት ልጅ፦ ቆሻሻው የከተማው ነው፤ ግንዱና ደለሉ ግን ከላይ ነው የሚመጣው። ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚነሳው ከጨለለቃ ረግረግ ነው፣ ወደ ረግረጉ የሚገቡት ደግሞ የእኛ ተራራ ጅረቶች ናቸው። ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ደለል ሞላውና ረግረግና ግጦሽ ሆነ። የጎርፉን ጉልበት የሚያበርደው፣ ግንዱንና አፈሩን የሚያስቀረው እርሱ ነበር። እርሱ በጠበበ ቁጥር ሁሉም ወደ ድልድዩና ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይወርዳል። ሐይቁ ደግሞ በወንዝ መውጫ የለውም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ረግረጉ ሲታረስ ዝም ያልን ሰዎች ነን ዛሬ ስለ ድልድይ የምንከራከረው።

ጡረተኛው፦ ትክክል ነህ፣ ሥራው ከላይ መጀመር አለበት። ነገር ግን የተተከለው ዛፍ እስኪያድግ ጎርፉ አይጠብቀንም። የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ከተማው ላይ ከ200 በላይ ሰው ገደለ።

የባጃጅ አሽከርካሪ፦ ጋሼ፣ «መሠረቱ እስኪረጋገጥ» ማለት ስንት ቀን ነው? እኛ አገር ጊዜያዊ የተባለ ነገር ዓመት ይከርማል። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ማዶ ብትሆንስ? እርሷንም ልትመልሷት ነው?

ጡረተኛው፦ ውሃው ከጎደለ ልኬቱ ብዙ ቀን የሚፈጅ ሥራ አይደለም፤ የሚያጓትተው ግንድ ማንሳቱ ነው። ለዚያ ኤክስካቫተሩ ከክረምት በፊት ውል ተገብቶለት ይጠብቅ፤ የሚከፈትበት ቀንም ድልድዩ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። ምጥ የያዛትን ሴት በተሸረሸረ ድልድይ አላሳልፍም። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሆስፒታልም አለው። ድልድዩ ከመዘጋቱ በፊት አንድ አምቡላንስ ማዶ ይሻገርና እዚያው ይደር።

የፋብሪካ ሠራተኛ፦ አምቡላንሱ ማዶ ቆሞ ካየሁ እኔም ይዘጋ እላለሁ።

የባጃጅ አሽከርካሪ፦ እኔ ገና ነኝ። የቆመብንን ቀን ገቢ ማን እንደሚሸፍን ማንም አልመለሰልኝም።