«ራሳቸው ያብስሉ» ላሉት

የሽምብጥ ልጅ፦ ትናንት እዚህ ባሕር ዳር በሰፈራችን ስብሰባ አንድ ሰውዬ ተነስቶ ለችግረኞች ምግብ የምናበስለውን «ወጥ እየሠራችሁ ማደላችሁን ተዉ፤ ለማኝ ነው የምታበዙት። ደረቅ እህል ስጧቸውና ራሳቸው ያብስሉ» አለ። ቤቱ አጨበጨበ። ቅዳሜ ከሌሊት ጀምሮ ሽንኩርት የሚከትፉት እናቶች ፊት ለፊቱ ተቀምጠው!

ከአባይ ማዶ፦ ምኑ አናደደህ? ለዘይት፣ ለከሰልና ለባጃጅ በምታወጡት ብር ስንት ቤት አስቤዛ ይገባ ነበር።

እናት ዓለም፦ በምን ያብስሉ? መናኸሪያ ጥግ ለሚያድር ልጅ ጤፍ ብትሰፍርለት ወፍጮውን ማን ይከፍላል? ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን የሚቦካው በማን ቡሃቃ ነው? ምጣዱስ የት ይጣዳል? ማታውኑ በርካሽ ሸጦ ዳቦ ይገዛበታል፤ አልፈርድበትም።

ከአባይ ማዶ፦ እኔ የማወራው ቤት ስላላቸው ነው። ተከራይታ የምትኖር እናት ልጆቿ እያዩ ሰሃን ይዛ ስትሰለፍ ክብሯ አይነካም?

የሽምብጥ ልጅ፦ የተባለው «ራሳቸው ያብስሉ» ነው። «ቤት ያላቸው» የሚለውን አሁን አንተ ነህ የጨመርከው።

ነርሷ፦ አስታማሚዎቹንስ ረሳችኋቸው? ሪፈር ተጽፎላቸው ከገጠር ወደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች የሚመጡ ሰዎች አሉ። ስንቃቸው ሲያልቅ በሽተኛውን ጥለው እሳት ሊያነዱ ነው? የምታበስሉትም ግን ስሙኝ። ወጡ በባልዲ ቀዝቅዞ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጀርም ይራባበታል። አቅሙ የደከመ ሰው በተቅማጥ ይወድቃል። እንደጋለ አምጡት።

የድሮ ነዋሪ፦ ባለፈው የታደለው እንጀራ ሩዝ የተቀላቀለበት ነበር። ለድሃ ስለሆነ ነው?

እናት ዓለም፦ ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! የፎገራ ሩዝ እኮ ነው። በዚህ የጤፍ ዋጋ ሳይቀላቅል የሚጋግር ስንት ቤት አለ? እኔም ልጆቼን የማበላው እሱን ነው።

የድሮ ነዋሪ፦ እሺ፣ እንጀራውን ተውኩት። ስልካችሁንስ? ሰው ጉርሻ አፉ ውስጥ እንዳለ መቅረጽ ምን ይሉታል? ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ ይህን ሁሉ ዘመን ነዳያን ሲያበላ ማን ፎቶ አነሳ?

የሽምብጥ ልጅ፦ በዚህስ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ እኛ ዘንድ የተመጋቢ ፊት አይነሳም። ያዋጣ ሰው ግን ብሩ የት እንደገባ ማወቅ አለበት፤ ድስቱንና ደረሰኙን እናነሳለን።

ከአባይ ማዶ፦ እኔ ቅዳሜ አልመጣም። ለተከራይ እናቶቹ ምጣድ የሚያዋጣ ካለ ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ የመጀመሪያውን እኔ እገዛለሁ።

እናት ዓለም፦ የኤሌክትሪክ? አከራዮቹ ቆጣሪ ይበላል ብለው አያስጥዱም።

ከአባይ ማዶ፦ የከሰል ምድጃ ይሆናላ።

እናት ዓለም፦ በከሰል ወጥ ይሠራል እንጂ እንጀራ ይጋገራል? ማገዶ ልታነድ ነው፤ ጭሱን ደግሞ የትኛው አከራይ ይፈቅድላታል? እስኪ እዚያው ሰፈርህ ጠይቅና ንገረኝ።